ሊቀ ወለል

ሙዚቃ ከፍታችሁ አረፍ ስትሉ «ቆይ ቆይ፣ አንዴ ልንካው!» ብሎ የሚነሳ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። የእናንተው ምናልባት መጠምዘዣውን ነካክቶ ይተዋችሁ ይሆናል፤ ታድላችኋል። የእኛው ጋሼ ግን በቀጥታ ወለሉ ላይ ነው የሚንበረከኩት።

ጋሼ እኔ ከተከራየሁት ምድር ቤት በላይ፣ ፎቁ ላይ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ሰፈሩ «ሊቀ ወለል» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። የሾማቸው ፀጉር አስተካካያችን ሲሆን እሳቸውም ሳይግደረደሩ ተቀብለውታል። ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታው ከአፋቸው ሳይወጣ ተረከዛቸው ወለሉን ይመታል። ዱም! ዱም! ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና ብይን ይሰጣሉ።

«ዕቃው ምን አጠፋ? የቆመበትን ጠይቁት!»

ትምህርታቸው ባጭሩ ይኸው ነው። ስፒከር ሲዘፍን ይንቀጠቀጣል። ከስሩ ባዶ የሆነ ጣውላ ላይ ካስቀመጡት፣ ጣውላው ሳይጠሩት አብሮ ይዘፍናል፤ ወፍራሙ ድምፅ ያጓራል፣ የዘፋኙ ቃል ይዋጣል። ሊሾ ላይ ሲሆን ደግሞ ድምፁ እየነጠረ ጆሮ ይበሳል። ስለዚህ ከስሩ ከባድ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ስር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ፣ ከፊት ለፊቱ ምንጣፍ። «ጣውላ ወሬኛ ነው» ይላሉ፤ «የነገሩትን ሁሉ ለጎረቤት ያደርሳል። ድንጋይ ግን ሆዱ ሰፊ ነው።»

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስፒከሩ ቆርቆሮ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጦ ሲያዩማ እንደ ታመመ ዘመድ ነው ያዘኑለት። ግማሽ ጭንቅላቴ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጎፍሮ፣ ፎጣ አንገቴ ላይ እንዳሰርኩ ከውጭ ብሎኬት አሸክመውኝ ገባሁ። የእህቴ ሰርግ ላይ ደግሞ ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመው ሳለ እሳቸው ከመድረኩ ስር ናቸው። «ውስጡ ባዶ ነው! ከበሮ ላይ ነው ያስቀመጣችሁት!» እያሉ ሚዜዎቹን በነጭ ጓንታቸው ድንጋይ አስለቀሟቸው። እርግጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ የአክስቴ ረጅም ንግግር ቃል በቃል ተሰማ። ይህን የፈለገ ሰው ግን አልነበረም።

ባለቤታቸው እትዬ የብስኩት ሊጥ የሚዳምጡበት እምነበረድ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ የሚያነሳው ግን የለም። «እኔን ሊያይ ቤታችን የመጣ ጊዜም» ይላሉ እትዬ፣ «መጀመሪያ ያየው ወለሉን ነው።»

ጋሼ ያን ሁሉ ድንጋይ የሚሸከሙት ግን ለእትዬ ሲሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሰማሉ፤ እትዬ የወንበሩን ክንድ በጣታቸው እየመቱ፣ ጋሼ ደግሞ ከስፒከሩ ይልቅ የእትዬን ፊት እያዩ። ይኸው እንዳለ የእትዬ ጆሮ ይከዳቸው ጀመር። መጀመሪያ የበሩ ደወል ጠፋ፣ ቀጥሎ የስልኩ፣ ከዚያ የእኛ ድምፅ። ሐኪሙ ያዘዘላቸው መሣሪያ ወሬ በመጠኑ ያሰማቸዋል። ዘፈኑን ግን «ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲበተን ነው የሚመስለኝ» ብለው ያወልቁታል። አንድ ቀን «አንተ ስማ፣ እኔ ጋደም ልበል» አሉና ከአጠገባቸው ተነሱ።

ጋሼም ሙዚቃውን ዘጉት። ደረጃው ላይ ብጠይቃቸው «ብቻዬን አይጥመኝም፣ ልጄ» አሉኝ።

ላይ ቤቱ ጭጭ አለ። ሰው ቤት ሲገቡ እንደ ማንኛችንም ሰላም ብለው ይቀመጣሉ፤ ተረከዛቸው ዝም። ፀጉር አስተካካዩ ሆን ብሎ ስፒከሩን ቆርቆሮው ላይ መልሶ ሰቀለው። ጋሼ አይተው አለፉ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ደነገጠ፤ እኔም እኚህን ነዝናዛ ሰውዬ ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ በልቼ እንደጨረስኩ ኮርኒሴ መንዘር ጀመረ። ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ ይንኳኳሉ። ዜማ የለው፣ ቃል የለው፣ ዱም ዱም ብቻ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከጋሼ ቤት! ወይ ሌባ ገብቷል፣ ወይ ሰውዬው አንድ ነገር ሆነዋል ብዬ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ።

በሩ ገርበብ ብሏል። እምነበረዱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጥግ ይዟል። ስፒከሮቹ ባዶው ጣውላ ላይ፣ ያውም በአፍጢማቸው ተደፍተዋል። እትዬ ወንበር ላይ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ባዶ እግራቸው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ጋሼ በጉልበታቸው እየዳሁ አንዱን ስፒከር ትንሽ ገፋ ያደርጉና የእትዬን የእግር ጣቶች ያያሉ። ገፋ ያደርጋሉ፣ ያያሉ።

«ወደ ግራ!» ብለው ጮኹ እትዬ፣ ጆሮው የደከመ ሰው እንደሚጮኸው። «ትንሽ… እዚያው! ተወው እዚያው! መጣ!»

የእግራቸው ጣቶች ምቱን ያዙ። አንድም አልሳቱም።

ዓይናቸውን ሲገልጡ እኔን አዩኝ። «ምን ይገትርሃል? ጫማህን አውልቅ እንጂ! በጫማ አይሰማም!»

አወለቅሁ፤ ካልሲዬ ተረከዙ ላይ ተቀዶ ኖሯል። ምቱ በዚያው በቀዳዳው ገብቶ ጉልበቴ ድረስ ወጣ። ጋሼ ወገባቸውን ይዘው ተነሱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ድምፁ ተበላሽቷል አይደል?»

አዳመጥኩ። የዘፋኙ አንዲት ቃል አትለይም፤ ጣውላው በሙሉ ያጓራል።

«በጣም ተበላሽቷል፣ ጋሼ።»

«በጣም!» አሉ ፊታቸው በርቶ፤ ጫማቸውን አወለቁና ሄደው እትዬ አጠገብ ተቀመጡ።