የማዳም ሌዮንቲን ድንጋይ

አንድ ጊዜ የተጨበጨበለት ሰው እንደ ሌላው ሰው መኖር አይሆንለትም። በርጩማ ሲሰጡት ዙፋን ይመስለዋል፤ መንገደኛ ሲያስል እንኳ ስሜን ጠራኝ ብሎ ይዞራል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ለፓሪሱ ሞንማርትር ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክብርት ማዳም ሌዮንቲን ቫሮ ናቸው።

ማዳም ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የቀይ ፋኖስ ቲያትር ዘፋኝ ነበሩ። ያኔ አንድ ሠዓሊ እኔ በምሠራበት ማተሚያ ቤት መልካቸውን ድንጋይ ላይ ሣለው፤ ድንጋዩን ቀለም እየቀባን ወረቀት ላይ እያተምን የፓሪስን ግድግዳ ሁሉ አለበስነው። "ያኔ እኮ የጋሪ ፈረሶች እንኳ ቆመው ያዩኝ ነበር!" ይላሉ። ፈረሶቹ ሞተዋልና የሚያስተባብል የለም።

ችግሩ ሠዓሊው ነው። ድንጋይ ላይ የተሣለ ነገር ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ሰውዬው ግን ያን ቀን ጠጥቶ ነበር መሰለኝ ይህን ረሳ። ማዳምን ማርያም የሳመቻቸው ግራ ጉንጫቸው ላይ ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ ጥቁሯ ነጥብ በቀኝ ወጣች። ሌላ ሰው ቢሆን ሠዓሊውን ይከስ ነበር። እሳቸው ግን "ሕዝቡ የሚያውቀው ሥዕሉን ነው" ብለው እውነተኛዋን ነጥብ በፓውደር ሸፈኗት፤ ቀኙ ላይ ደግሞ በዓይን ኩል አዲስ ነጥብ ተከሉ። ይኸው እስከ ዛሬ በየማለዳው ይተክላሉ።

ዳቦ ቤት ሲገቡም ልክ እንደ ሥዕሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይቆማሉ። አንድ ቀን ሻጯ ትክ ብላ አየቻቸው።

"አወቅሽኝ አይደል፣ ልጄ?" አሉ ማዳም።

"እንዴታ! የትናንት ዳቦ የሚወስዱት እርስዎ አይደሉ?"

ማዳም የትናንቱን ዳቦ ይዘው ወጡ።

ሐሙስ ሐሙስ፣ አለቃዬ ሙሴ ብሪዮ ምሳ ሲወጣ ጠብቀው እኔ ጋ ይመጣሉ። "አንተ ፊርሚን፣ አንድ አድናቂዬ መልኳን ካላገኘሁ እሞታለሁ ብሏል። አንዲት ብቻ አትምልኝ፤ ነፍስ ማዳን ነው!" እኔም እያጉረመረምኩ አትማለሁ፤ እሳቸው ተቀምጠው ሰፈሩን ያማሉ። አንድ ክረምት ታመው ሾርባ ይዤላቸው አምስተኛ ፎቅ ብወጣ፣ ለአድናቂ የተባሉት ሥዕሎች በሙሉ ከአልጋቸው ሥር ተደራርበዋል። እንዳላየ ሆንኩ።

ባለፈው ሳምንት ሙሴ ብሪዮ "ያቺን የዘፋኟን ድንጋይ ፍቃት፤ የሳሙና ማሸጊያ ይሣልባታል" አለኝ። ጥሩ ድንጋይ ውድ ነው፤ ፊቱ በአሸዋና በውሃ ተፍቆ ለሌላ ሥዕል ይውላል። ለመንኩት፤ አልሰማኝም።

ሐሙስ ሲመጡ ነገርኳቸው። "ለመሆኑ ሳሙናው ጥሩ ሽታ አለው?" አሉ። ቀጥለውም "እያየሁ ፍቃው" አሉኝ። አሸዋ ነስንሼ፣ ውሃ አፍስሼ፣ ሌላ ድንጋይ ደርቤ ማሽከርከር ጀመርኩ።

"ቀስ በል እንጂ፣ አፍንጫዬ ነው!"

ዓይኖቹ ሲጠፉ ግን ከወንበራቸው ተነሡ። ጓንታቸውን ሲያጠልቁ ቆዩና "እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ምን ብዬ ልምጣ?" አሉ።

ይህን ሲሉ ኩራት አልነበረባቸውም። ለካ ሲፈልጉ የኖሩት የሚያዋራቸው ሰው ነው። እኔም ብሆን ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ከሐሙስ በቀር የምጠብቀው ቀን የለኝም፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ስፍቅ ውሃ የሚያፈስልኝ ሰው አጥቻለሁ" አልኳቸው።

"ምን? እኔን ውሃ ቀጂ ልታደርገኝ? አበድክ እንዴ!" ብለው በሩን ጠርቅመውት ሄዱ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አለቃዬ ገና ምሳ ሳይወጣ፣ ማዳም ሌዮንቲን እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ።

"ባልዲው የት አለ?" አሉኝ።