የተሰደደው ማኅተም

እንደ መዝገብ ቤት የአየር ንብረት ለውጥን የናቀ መሥሪያ ቤት በዚህ አገር የለም! ገበሬው ዝናቡ ሲዘገይበት የሚዘራውን ይቀይራል። መዝገብ ቤት ግን አቋሙ አቋም ነው፦ ክረምት በሰኔ ይገባል፣ በመስከረም ይወጣል፣ አለቀ!

ይህን ያወቅሁት በአክስቴ በእታገኝ ምክንያት ነው። አክስቴ ገብሳቸውን በረዶ እየመታ ቢያስቸግራቸው፣ እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነበር ከዚሁ ከደብረ ታቦር ቆላ የወረዱት። ዘንድሮ ደግሞ ከዚያም በጎርፍ ተፈናቅለው፣ ሴት ልጃቸውን ይዘው ደብረ ታቦር እኛ ቤት ገቡ። ልጅቷን ትምህርት ቤት ለማስገባት የእናቷ የነዋሪነት መታወቂያ ተጠየቀ። ለዘገዩ ተማሪዎች የተከፈተው ምዝገባ ደግሞ ዓርብ ይዘጋል። ሐሙስ ጠዋት ቀበሌ ሄድን።

«መሸኛ ያምጡ፣ እናቴ» አላቸው ጸሐፊው።

«ከየት?»

«ከለቀቁበት ቀበሌ።»

«የኔ ልጅ፣ ስንሸሽ ሊቀ መንበሩ እኮ ከፊቴ ነበር የሚሮጥ! ቁምና ፈርምልኝ ልበለው?»

ጸሐፊው አሰበ፣ አሰበና መላ አገኘ። አክስቴ ድሮ ከዚህ ሲለቁ ተጽፎላቸው የነበረው የመሸኛ ቅጂ ከተገኘ፣ የዚህ ሰው መሆናቸው ይረጋገጣል። እኔም አንደኛ ዓመት ብሆንም ያው ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰው ነኝና፣ «እትዬ፣ አይጨነቁ፤ ከምሳ በፊት እናገኘዋለን» አልኩ። ሰው አፉን ቢዘጋ ምን አለበት?

መዝገብ ቤቱ ከቀበሌው ጓሮ ነው። ጣሪያው በግድግዳው በኩል ያፈሳል። ታዲያ ሠራተኞቹ ዘዴ አላቸው... በሰኔ መደርደሪያዎቹን ሁሉ ወደ ክፍሉ መሐል ይስባሉ፤ መስቀል ሲያልፍ ወደ ግድግዳው ይመልሳሉ። ዘንድሮ ግን ከባድ ዝናብ በኅዳር መጣ። መደርደሪያዎቹም በሥርዓቱ መሠረት ግድግዳ ተደግፈው ተቀበሉት!

«ጋሼ፣ ሲዘንብ ለምን ወደ መሐል አልሳባችኋቸውም?» አልኳቸው የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ጋሽ ሙሉን፣ በትሕትና።

«በኅዳር?» አሉኝ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «በኅዳር መደርደሪያ ሲጎተት የት አይተሃል?»

የትም አላየሁም። እናንተስ አይታችኋል?

ጋሽ ሙሉ ውኃ እንደገባው ዳቦ ያበጠ ፋይል ይዘው መጡ። የመሸኛው ቅጂ አለ! ግን ፊት ለፊቱ ካለው ወረቀት ጋር ተጣብቋል። «ተወው፣ መጀመሪያ ይድረቅ» አሉ። እኔ ደግሞ ልርዳ ብዬ፣ በጥንቃቄ፣ በሁለት ጣቴ ገለጥኩት። ሽርርር...

የአክስቴ ስም አለ። ፊርማው አለ። ማኅተሙ የለም! ወዴት ሄደ? ፊት ለፊቱ ያለው ወረቀት ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ያ ወረቀት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መዝገብ ቤቱ ጣሪያው እንዲጠገንለት የጻፈው፣ ማኅተም የሚመታበት ሰው ጠፍቶ ሳይላክ የቀረው ማመልከቻ! እዚያ ፋይል ውስጥ ምን ሊሠራ እንደገባ አትጠይቁኝ።

አክስቴ ማኅተሙን አተኩረው አዩት። «እሱስ ሲሰደድ መሸኛ ይዟል?»

ጋሽ ሙሉ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ወረቀቶቹን አፈፍ አደረግሁ። ነገ ዓርብ ነው!

ሁለቱንም ወረቀቶች ይዘን ወደ ጸሐፊው ተመለስን። እያገላበጠ መረመራቸው። «የእርስዎ ማኅተም የለውም፤ ውድቅ ነው። የጣሪያው ግን ማኅተም አለው...»

«እንግዲያ ልጄን በጣሪያው ስም ላስመዝግባት?»

«ይቀልዳሉ፣ እናቴ?»

«እናንተ ጀመራችሁ እንጂ እኔማ ለቀልድ አልመጣሁም። ልጄ ክፍል ሳትገባ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!» አሉና የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። አክስቴ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ደፍ ላይ ከተቀመጡ ባለ ጉዳይም ሠራተኛም አያልፍም። የቀበሌው ኃላፊዎች ምሳ መውጫቸው ሲዘጋ ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ረሀብ እንዴት ያለ ውሳኔ ያሰጣል መሰላችሁ!

ጸሐፊው ውሳኔውን አነበበልን። ለጊዜው ጊዜያዊ መታወቂያ ይሰጣቸዋል። ዋናው የሚሰጠው መዝገቡ ሲጣራ ነው። መዝገቡ የሚጣራው ፋይሎቹ በወጉ ሲደረደሩ ነው። ፋይሎቹ የሚደረደሩት ደግሞ ጣሪያው ሲጠገን ነው። ስለዚህ መታወቂያው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ጣሪያው እስኪጠገን ድረስ ያገለግላል» ተብሎ ሰፈረ።

ልጅቷ ዓርብ ጠዋት ተመዘገበች። እኔ ግን ያ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ።

«እትዬ፣ ድንገት ጊዜው ቢያበቃብዎትስ?» አልኳቸው።

አክስቴ መታወቂያውን በመሐረባቸው ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። «ጣሪያው ተጠግኖ? ኧረ አንተ ልጅ... ይሄ እኮ ለልጅ ልጆቼም ይተርፋል!»