ወርቅ አጣቢዋን ጸሐፊ ያደረጉበት መንደር

ያደርኩበትን ሕልም ልንገራችሁ፤ ፍቺ አውቃለሁ የሚል ግን አጠገቤ እንዳይደርስ። እኔ እናገራለሁ፣ ምራቴ ደብሪቱ ትጽፋለች። ቃሉ የእኔ ነው።

ዕድሜያችንን ሙሉ ወርቅ ስናጥብ የኖርንበትን ሰፈር እንደ አዲስ ሠርተውት አየሁ። «ጥንታዊ የወርቅ መንደር» ይሉታል። ጥንታዊ! እኔ በሕይወት ቁጭ ብዬ! ጎጆዎቹ በሣር ክዳናቸው ቆመው መሠረታቸው ሰማይ ያያል። የወርቁ ጉድጓድ ወደ ላይ ተቆፍሮ እንደ ፎቅ ተገትሯል፤ ሰዉ መሰላል ይዞ ወደ ደመናው ይወርድበታል።

ወንዙ ውስጥ ክራባት ያደረጉ ሹማምንት ሱሪያቸውን ጠቅልለው የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ ያሽከረክራሉ። ወርቁን ይደፉታል፣ አሸዋውን በመሐረብ ቋጥረው ኪሳቸው ይከታሉ።

«እናንተ! የደፋችሁት እኮ ወርቅ ነው!» አልኳቸው።

«ዝም በይ፣ ባለሙያ አጥንቶታል» አለኝ አንዱ።

ባለሙያ ያጠናው ነገር እንዲህ ሲሆን በእውንም አይቻለሁ፤ ስለዚህ አልፌው ቤቴን ፈለግኩ። አርባ ዓመት የኖርኩበት፣ ስድስት ልጅ የወለድኩበት ቤት መሃል ላይ ቆሟል። ከሁሉ እሱ ብቻ አልተገለበጠም። ደጃፉ ላይ አንዲት አህያ መነጽር አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የወርቅ ነጋዴው ድጋፌ፣ ከሞተ ስምንት ዓመቱ፣ ጀርባው ላይ ኮርቻ ተጭኖ ሣር ይግጣል። ሚዛኑን እያዘነበለ ስንቱን አስለቅሷል፤ አህያዋ ደግ አደረገች።

«ወዴት ነሽ?» አለች አህያዪቱ።

«ወደ ቤቴ።»

«ቤቱ የእትዬ የሻረግ ነው።»

«የሻረግ እኔ ነኝ፣ አንቺ ጆሮሽ ብቻ ያደገ!»

«እትዬ የሻረግ ውስጥ ናቸው፤ ሥራ ይዘዋል። እሳቸው መሆንሽን እስከ ምሳ ሰዓት ካላስመሰከርሽ ቤቱ በስማቸው ይጸናል።»

ለውስጧ ሴትዮ አንቱታ፣ ለእኔ አንቺ!

በመስኮት አጮለቅኩ። የሰም አሻንጉሊት ነች። ቀሚሴን ለብሳለች፣ አፍንጫዬን ይዛለች፤ አፏ ግን የተሰፋ ይመስላል፤ እዚያ ላይ እኔን አልመሰለችም። በእጇ የአሞራ ላባ ይዛ፣ ቀለም እየነከረች ወረቀት ላይ ትጽፋለች!

«ምን ጉድ ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ላባው እኮ የወርቅ መያዣ ነው! ሴቱ ሁሉ የዋለበትን የወርቅ ብናኝ ውስጡ ባዶ በሆነው በላባው ቀሰም ሞልቶ፣ አፉን በሰም ደፍኖ፣ ጠጉሩ ውስጥ ሰክቶ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። እኔ ሀ የሚባለውን አላውቅም!»

«እትዬ የሻረግ በድሮ ፎቷቸው ጠጉራቸው ላይ ላባ ሰክተዋል» አለች አህያዪቱ መነጽሯን እየገፋች። «ላባ የሰካ ጸሐፊ ነው። የሻረግ ከሆንሽ ስምሽን ጻፊ።»

ላባ ሰጠችኝ። ጣቶቼ ከማዞር በቀር ምን ያውቃሉ? ባዶ አየር ላይ ገበቴ ማሽከርከር ጀመሩ። ሹማምንቱ ከወንዙ ወጥተው አጨበጨቡ።

«ቁርጥ የሻረግን!» አለ አንዱ። «ምን ያደርጋል፣ እሷ አይደለችም።»

አሻንጉሊቷ የተሰፋ አፏን ቀድዳ ከፈተችና በገዛ ድምፄ፣ «እህቴ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለችኝ። አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ሰም ሊወርሰው! ድንጋይ አንስቼ ልወረውር ክንዴን ሳነሳ፣

«እማዬ! እማዬ ይነሱ፣ ረፍዷል። ከቢሮ ሰው መጥቷል» አለችኝ ደብሪቱ።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ የቤቴ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ ምልክት አድርጎበት ብሩሹን ይጠርጋል።

«እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ለሚሠራው የወርቅ መንደር ከሰፈሩ ሁሉ የተመረጠው የእርስዎ ቤት ነው።»

«እሺ፣ ቀዩስ ምንድን ነው?»

«የመፍረሻ ምልክት ነው። ይኼ በጣም አርጅቷል። እሱን እናፈርስና እዚሁ ቦታ ላይ ቁርጥ እሱን የመሰለ አሮጌ ቤት እንሠራለን።»

«እኔስ የት እገባለሁ?»

ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ቅዳሜና እሁድ ለጎብኚ ክፍት ነው፣ እማማ። ለአረጋውያን መግቢያው በግማሽ ዋጋ ነው።»