ለቆመች ልጅ የተነፋ ጥሩምባ

ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለምንድን ነው? ድሮ ይህን ማንንም ብትጠይቁት ሳያስብ ይመልስላችሁ ነበር። ወይ ሰርግ አለበት፣ ወይ ለቅሶ አለበት፣ ወይ ማኅበር ደርሶታል። ሦስቱም ከሌሉ አጥሩን ያጥራል። አሁን ግን ከተማው ራሱ እኛ ድረስ መጥቶ፣ ጤፍ እዘራበት የነበረው የለቡ መሬት ላይ ፎቅ ቆሞ፣ እኔም በተረፈችኝ የወንዝ ዳር ቁራሽ ላይ ጎመንና ቆስጣ እያበቀልኩ የኮንዶሚኒየም ሰው ጎረቤት ከሆንኩ ወዲህ፣ ቅዳሜ ሌላ ነገር ሆኗል። "ፕሮግራም አለብኝ" ይላሉ ወጣቶቹ። ምን ፕሮግራም ብትሏቸው፣ አንዱ መጽሐፍ ሲነበብ ሊሰማ ነው፣ አንዷ ባዛር ልትዞር ነው፣ ሌላው ሰው ጊታር ሲመታ ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው። ያገባ የለም፣ የሞተ የለም፤ ሰው ግን ለብሶ፣ ተቀባብቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ይሄዳል። እኔ ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ አላመንኩትም። አለማመኔ ነው ያዋረደኝ።

ልጄ ሌንሳ ሥዕል ትሥላለች። ተምራ የተመረቀችበት ሙያዋ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ሥዕል ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ስለማላውቅም ምንም ብያት አላውቅም። ቤት ውስጥም ብዙ አልናገርም። ባለቤቴ ጥሩነሽ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ላሚቱን የምታናግራትን ያህል እንኳ እኛን ብታናግረን ምን አለበት?" ትለኛለች። ይህን ስትለኝም ተነስቼ ወደ ላሚቱ እሄዳለሁ።

አምና ሌንሳ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ሥዕሎቿን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰቅላ ነበር። የመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቤት ስትገባ እህል አልቀመሰችም። ጫማዋን ሳታወልቅ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። እኔ በደጃፏ አልፌ ወደ በረቱ ሄድኩ። ምን ይባላል? ልጁ ለሞተበት ሰው የሚባል አለ፤ ከብቱ ለጠፋበትም የሚባል አለ። ደግሶ ሰው ለቀረበት የሚባል ነገር ማንም አላስተማረኝም።

እንግዲህ ዘንድሮ ብቻዋን፣ ጀሞ ባለ ትልቅ አዳራሽ ልታሳይ ነው ሲሉኝ ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ያዘኝ። ባዶ የሆነ ትልቅ አዳራሽ ባዶ ከሆነ ጠባብ ክፍል ይብሳል። ሳጭድም፣ ሳልብም ይኸው አዳራሽ ፊቴ ላይ ይደቀናል። አዳራሽ የሚሞላው በሰው ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ሰው አንድም ሳይቀር የሚጠራው በአንድ ነገር ብቻ ነው።

በዕድር ጥሩምባ።

የሰፈራችንን ነገር ለማታውቁ ላስረዳችሁ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ወርዶፋ ማለዳ ተነስቶ በየመንደሩ እየነፋ፣ የማን ቤት እንደሆነ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይለፍፋል። ስልክ በየኪሱ ባለበት በዚህ ዘመንም ሥራው አልቀረም፤ ምክንያቱም መልእክቱን አላየሁትም ማለት ይቻላል፣ የጋሽ ወርዶፋን ጥሩምባ አልሰማሁም ብሎ ያመለጠ ግን የለም። የቀረ ይቀጣል። እኔ ግን ያየሁት ሰው መውጣቱን ብቻ ነው። ለሞት ሥራውን ጥሎ የሚወጣ ሕዝብ ለሥዕል ለምን አይወጣም? ብዬ አሰብኩ። እዚህ ላይ ብትስቁብኝ አልፈርድባችሁም።

ቅዳሜ ማለዳ የጋሽ ወርዶፋን በር አንኳኳሁ። ጋቢውን እንደተከናነበ ወጣ።

"የሌንሳ ነገር ነው" አልኩት። "ዛሬ ስምንት ሰዓት። ጀሞ፣ አደባባዩ አጠገብ ያለው አዳራሽ። ሰው ሁሉ እንዲመጣ።"

ለእኔ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ጋሽ ወርዶፋ ክው ብሎ አየኝ። "እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ" አለኝ። ልጅን ለሥዕል መዳር ጽናት ይጠይቃል ማለቱ መስሎኝ፣ "አሜን" ብዬው ሄድኩ።

በኋላ "እንዴት አልጠየቅከኝም?" ስለው፣ "አንተን ማን ይጠይቅሃል?" አለኝ። አዳራሽ መባሉም አላጠራጠረውም። የጥበብ ሰው ሲሞት ስንብቱ በአዳራሽ እንደሆነ በቴሌቪዥን አይቷል።

እኔና ጥሩነሽ ሌንሳን ልናግዝ በጠዋት ጀሞ ሄድን። ቤቱ ተዘጋ። ስልኬን እንደ ልማዴ ረስቼው ነበር፤ የጥሩነሽ ስልክ አዳራሹ ውስጥ ጩኸቱ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ለሌንሳ ደግሞ ማንም አልደወለም። የሞተ ሰው ስልክ ላይ ማን ይደውላል?

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ላይ ቆሜ ወደ መንገዱ ማየት ጀመርኩ፤ ዕድርተኛው እንዳይቀር። ያኔ አንዲት ልጅ ሌላዋን አስከትላ ገባች። ከዚያ ጥንዶች መጡ። ከዚያ ከሚኒባስ የወረዱ ተማሪዎች። ሽማግሌ ከነምርኩዙ፣ ሕፃን ያዘለች እናት። ማንም ጥሩምባ አልነፋላቸውም። ሌንሳ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በሥዕሎቿ መሃል ትመላለሳለች፤ ሳቋ በር ድረስ ይሰማል። አዳራሹ ሞላ። መግቢያው ላይ መቆሚያ ጠፋ። እኔም ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ዓይኔን ከመንገዱ መንቀል አቃተኝ። እንግዲህ የጠራኋቸው ሰዎች የት ሊቆሙ ነው?

መልሱ በአይሱዙ መጣ።

መጀመሪያ የታየኝ ድንኳኑ ነው፤ የዕድራችን ድንኳን ከነብረቱ ተጭኖ። ከኋላው አግዳሚ ወንበሮች፣ ድስቶች፣ ከድስቶቹ ኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ የሰፈሬ ሴቶች። መኪናው ሳይቆም እትዬ ዘነቡ ወረደች። ዘነቡ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ እሷ ካላለቀሰች ለቅሶው ለቅሶ አይባልም።

"ውሃ ብላት ወተት የምትሰጠኝ፣ ሌንሳዬ! ታማ እንኳ ሳላስታምማት! እጇ ወርቅ፣ ልቧ ወርቅ፣ የሰው ክፉ የማትወድ! የት ሄድሽብኝ፣ የኔ እናት!"

ደረቷን ትደቃለች። ወንዶቹ ድንኳኑን ማውረድ ጀመሩ። ከአዳራሹ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ ጸጉሩን ያሳደገ ልጅ ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ፣ "የፕሮግራሙ አካል ነው፣ ዝም በሉ" ይላል ለጓደኞቹ። ምድር ብትከፈት እገባ ነበር፤ አስፋልት ሆነብኝ።

ያኔ ሌንሳ "ምንድን ነው?" እያለች በር ላይ ብቅ አለች። እትዬ ዘነቡ አየቻት። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

"በስመ አብ!" አለች። "ቆማለች!"

ድስት የያዘው ድስቱን ጣለ። ጥሩነሽ ሮጣ መጥታ ልጇን አቀፈች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እሷም ማልቀስ ጀመረች። የዕድራችን ዳኛ አቶ ታደሰ ግራ ቀኙን አይቶ ጋሽ ወርዶፋን ጠየቀ። ጋሽ ወርዶፋ በጥሩምባው ወደ እኔ ጠቆመ።

"ለማ፣ ሰው ቆሟል" አለ አቶ ታደሰ። "ተናገር።"

"ልጄ አልሞተችም" አልኩ።

"እሱንማ እያየናት ነው!" አለች እትዬ ዘነቡ፣ ደረቷን ይዛ። "ለምን አስለቀስከን ነው የምንልህ!"

ሁሉም ያየኛል፤ የሰፈሬም፣ የከተማውም ሰው።

"ባዶ እንዳይሆንባት ብዬ ነው።"

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ሌንሳ ግን ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"ማንም አይመጣም ብለህ ነው፣ አባዬ?"

ከኋላዋ በሩ እስኪጠብ የተጨናነቀ ሰው ቆሟል። አይደለም ብል ውሸት ነው። አዎ ማለት ደግሞ አቃተኝ።

"ገባኝ" አለችና ወደ ውስጥ ተመለሰች። በሕይወቴ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያች አንድ ቃል የከበደኝ የለም።

ዕድርተኛው ወጥቶ እንዲሁ መመለስ ነውር ስለሆነ ገባ። የለቅሶ ልማዳቸው አልለቃቸው ብሎ እጃቸውን አጣምረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሥዕሎቹን ዞሩ። ሌንሳ እያንዳንዳቸውን ተቀብላ አስጎበኘች። እትዬ ዘነቡንማ ለረጅም ጊዜ አቅፋት ቆመች። እኔ ውጭ ሆኜ ድንኳን አጠፍኩ። ለማጠፍ የሚያግዘኝ አጥቼ አይደለም፤ መግባት አፍሬ ነው። የልጄን ሥዕል ሳላይ ያን ቀን ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ነገሬ ቀረበ። ጋሽ ወርዶፋ ተነስቶ፣ "ጥሩምባዬ ከእንግዲህ ለዚህ ሰውዬ አትነፋም፤ እሱ ራሱ ካልሞተ በቀር" አለ። ሳቁ። አቶ ታደሰ አልሳቀም። ያን ቅዳሜ ላልመጡት ሰዎች ሥዕሎቹ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ እንደገና እንደሚሰቀሉ ሰምቷል። ፈረደብኝ፤ የዕድሩን አባል ሁሉ ለሥዕሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ በገዛ አፌ እንድጠራ።

ሌላ ቅጣት ቢሰጠኝ ብዬ ለመንኩ። አልሰጠኝም።

የመጀመሪያው በር የእትዬ ዘነቡ ነበር።

"ለምን እንምጣ?" አለችኝ፣ በሩን ሞልታ ቆማ። እሷ እኮ ሥዕሉን አይታዋለች።

"የሌንሳን ሥዕል እንድታዩ።"

"ምን ትሥላለች?"

"አላየሁም።"

"ሳታይ ትጠራናለህ እንዴ!" ጮኸች። "ሂድ፣ አይተህ ና!"

ተመለስኩ። ሌንሳ ቤት አልነበረችም። ሥዕሎቹ ከበረቱ አጠገብ ባለው ክፍል ግድግዳ ተደግፈዋል። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዞርኩ አየሁ። አንዱ የጀሞ የጠዋት የታክሲ ሰልፍ ነው፣ በዝናብ። እኔ በዚያ ሰልፍ አጠገብ ጎመን ተሸክሜ ሳልፍ የማየው ሰልፍ ነው፤ ሰልፍ ብቻ። እሷ ግን አንዱ ቆሞ ሲያንቀላፋ፣ አንዷ የማታውቀውን ሰው በጃንጥላዋ ስታስጠልል፣ አንዱ የእናቱን ስልክ አላነሳም ብሎ ሲያፍር ሥላለች። ሲያፍር መሆኑን እንዴት እንዳወቅኩት እንጃ። ግን አወቅኩት። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወጥቼ ዞርኩ። ሰፈሩ መክሮብኛል መሰለኝ፤ በየበሩ "ለምን እንምጣ?" ይሉኛል፤ ሳልመልስ አያስገቡኝም፣ ሳልመልስም አይለቁኝም። መጀመሪያ "ጥሩ ናት" አልኩ። "ምኗ ነው ጥሩ?" አሉኝ። ስለ ሰልፉ ነገርኳቸው። ስለ ጃንጥላዋ። አቶ ታደሰ በር ላይ ስደርስማ፣ "ልጄ እኔ የማላየውን ታያለች" አልኩና ራሴ ደነገጥኩ።

ዞሬ ጨርሼ ቤቴ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ሌንሳ በመሃሉ ቆማለች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ "ደህና አደርክ" ከማለት በቀር ያወራችኝ ነገር አልነበረም።

"አንድ ቤት ዘለልክ፣ አባዬ" አለችኝ።

"የማንን?"

"ይሄን።"

ልገባ ስል በሩን በእጇ ያዘችው።

"ለምን ልምጣ?"

በየበሩ ስለው የዋልኩት ነገር ነው። እዚህ በር ላይ ግን አልወጣ አለኝ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ መልሼ አደረግኩ። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ከጥሩነሽ እንኳ ጆሮ እንዳይደርስ አድርጌ ተናገርኩ።

"አልሰማሁህም" አለች።

እንደሰማች አውቃለሁ። ቀና ብዬ፣ ጥሩነሽም እንድትሰማ አድርጌ ደገምኩት፦ "አንቺ እኔ የማላየውን ታያለሽ።"