ባርባ ዛኒስ «ገና ነው» ሲል

ወደብ ባለበት ሁሉ «ገና ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ወደብ በሌለበት አገርም አይጠፋም። ሰርግ ቤት ምግብ ሊነሣ ሲል «ገና ነው» ይላል፤ ቀብር ላይ ሳጥኑ ሊወርድ ሲል «ገና ነው» ይላል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጫማውን ሲያስር እሱ ተቀምጦ ሰማይ ያያል። የመንግሥተ ሰማያት በር ላይም እንደምናገኘው አልጠራጠርም፤ ጴጥሮስ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ክንዱን ይዞ «ቆዩ አባቴ፣ ገና ነው» እያለ።

የእኛ ወደብ ባለ «ገና ነው» ባርባ ዛኒስ ይባላል። በደሴታችን ባርባ የምንለው በዕድሜ የገፋውን ሁሉ ነው፤ ለእሱ ግን ያንስበታል። ክቡር ሊቀ ማዕበል፣ የድንጋዩ ጠርዝ ጠባቂ፣ የነፋሳት ሁሉ መዝጋቢ ቢባል ነው የሚያምርበት። የክቡርነታቸው ሥራ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ወደ ገደላችን መጠጋት ስለማይችሉ መሐል ባሕር ላይ ቆመው ሰዉን በትንንሽ ጀልባ ይልኩልናል። ጀልባዋ ጠርዙ ጋ ስትደርስ ማዕበሉ አንዴ ያነሣታል፣ አንዴ ይጥላታል። ባርባ ዛኒስ ጠርዙ ላይ ቆሞ መንገደኛውን ክንዱን ይይዘዋል። መዳፍ አይይዝም፤ መዳፍ ያልበዋል፣ ያዳልጣል። ክንድ በክንድ ነው። ከዚያ ማዕበል ይቆጥራል። «ገና ነው… ገና ነው…» ሰነፏ ማዕበል ስትመጣ «አሁን!» ይላል፤ ሰውዬው ሳያውቀው መሬት ላይ ቆሟል። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ባሕር አልገባበትም።

ክፋቱ፣ ይህን ልማዱን ወደብ ላይ ትቶት አይሄድም። ጥርሱን ሲያመው ሐኪሙ «ይነቀል» አለው፤ «ገና ነው» አለ። ሁለት ዓመት አብጦ ኖረና አንድ ቀን ጥርሱ ራሱ ዳቦ ውስጥ ቀረ። ያንን ጥርስ በመሐረብ ጠቅልሎ ወደቡን ሁሉ ዞሮ አሳየን፤ «አላልኩም?» እያለ። ለፋሲካ የገዛው ጫማ ከነካርቶኑ ስምንት ፋሲካ አልፎታል። ልጄ ሲያገባ ሚዜው እሱ ነበር። አክሊሎቹን በሙሽሮቹ ራስ ላይ ይዞ ቆመ። ቄሳችን አባ ዳሚያኖስ በዓይናቸው ጠቀሱት። ቆመ። አሳሉለት። «ገና ነው አባቴ፣ ሻማው ይርጋ» አለ። ምራቴ ማሩሳ እስከ ዛሬ አንገቴን ያመኛል ትላለች።

እኔ ከደረጃው ግርጌ ውኃና የገለባ ባርኔጣ ስለምሸጥ፣ ይህን ሰው በየቀኑ ከማየት የሚያድነኝ አልነበረም። አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ደረጃ ወደ ላይ ከተማው አለ። ወደ ታች እኔና እሱ አለን፤ በቅሎዎቹና ባለ በቅሎዎቹም አሉ። ስታማቲስ የሚባለው ባለ በቅሎ ከሁሉም ምላሱ ይረዝማል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ተወልዶ ለባርባ ዛኒስ ክንዱን የሚሰጥ የለም። ክንድ የሚሰጥ ቱሪስት ነው። የደሴቲቱ ልጅ ከጀልባ ራሱ ይዘላል፤ አያቱም እንዲያ ነበር፣ አባቱም። ክንዱን ቢሰጥ ባለ በቅሎዎቹ እስኪሞት ይስቁበታል። በዚህ ኩራት ስንት ቁርጭምጭሚት እንደተሰበረ የሚያውቀው ወጌሻው ብቻ ነው።

ባለቤቴ ሲዴሪስም እንዲያ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ዛኒስ እኔን እንደሚፈልግ ደሴቲቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። አባቴም ያውቅ ነበር፤ ማታ ማታ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቀው ነበር። ዛኒስ ይቆጥራል። አንድ ክረምት ቆጠረ፣ ሁለት ክረምት ቆጠረ። በሦስተኛው ዛኒስ እኔን ሊጠይቅ አዲስ ኮት ገዛ የሚል ወሬ ሲዴሪስ ጆሮ ገባ። ሲዴሪስ ያን ጊዜ ጀልባ ላይ ነበር፤ ነፋሱ የደቡብ ነበር። «ገና ነው!» ብሎ ጮኸበት ዛኒስ። ሲዴሪስ ዘለለ። እግሩ በጀልባዋና በድንጋዩ መሐል ተጨፈለቀ። በዚያው እግሩ ደም እያንጠባጠበ በበቅሎ ወጥቶ እኔን እንዲሰጠው አባቴን ጠየቀ። እንዲህ ያለ እግር ይዞ የመጣን ሰው እምቢ የሚል አባት የት አለ? ሲዴሪስ እግሩን ሰጥቶ እኔን ወሰደ፤ ዛኒስ ደግሞ ከጤነኛ እግሩ ጋር ቀረ።

ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ኖርኩ። ደግ ሰው ነበር፤ እያነከሰ ኖሮ ከስድስት ዓመት በፊት ሳንባው ገደለው። አላማርርም፤ ማን ሰምቶኝ? ዛኒስ አላገባም። ለምን ሲሉት ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ፤ ባለፈው ጥቅምት ነው። ልጄ ያኮቮስ የሚሠራው ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሴት ልጁ ስትወለድ ውቅያኖስ ላይ ነበር። አምስት ወር ሆናት፣ በስልክ እንጂ በዓይኑ አላያትም። መርከቡ በዚያ ዓመት ደሴታችን ጋ የሚቆመው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክርስትናውን ለዚያ ቅዳሜ፣ ለስምንት ሰዓት ቀጠርነው። አባ ዳሚያኖስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ መንደር ቀብር ስላለባቸው አንድ ደቂቃ አላሳልፍም ብለዋል። የክርስትና አባቷ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ክቡር ሊቀ ማዕበል።

ጠዋት የደቡብ ነፋስ ተነሣ።

ረፋዱ ላይ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ሰውን ወደ ከተማው የሚያወጣው ኬብል ካር በነፋሱ ቆመ። መንገደኞቹ መጀመሪያ ወረዱ፤ የወጥ ቤት ሰው የሚወርደው መጨረሻ ነው። እያንዳንዱን መንገደኛ ባርባ ዛኒስ ክንዱን ይዞ «ገና ነው» ይለዋል፤ እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ «ገና ነው» ሰዓት አያለሁ። አንዲት ወፍራም ሴትዮን ሰባት ማዕበል አስቆጥሮ አወረዳት።

«ዛኒስ፣ ትንሽ ፈጠን ብትል ምን አለበት?» አልኩት።

«ባሕሩን ንገሪው» አለኝ ሳይዞር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከመርከቡ ወሬ መጣ። ማዕበሉ ስለበዛ ካፒቴኑ ሰው ማውረድ ከልክሏል። አንዲት ጀልባ መንገድ ላይ ናት፤ እሷ የመጨረሻዋ ናት። ከእሷ በኋላ ጀልባዎቹ ባዶ መጥተው ከተማ የወጡትን እስከ አሥር ሰዓት ይመልሳሉ እንጂ ማንንም አያወርዱም። በዚያች ጀልባ አፍንጫ ላይ ነጭ የወጥ ቤት ሱሪውን እንደለበሰ ልጄ ቆሟል። በሁለት እጁ ትልቅ የኬክ ካርቶን አቅፏል።

የጀልባዋ ነጂ ፎቲስ ከሩቅ ጮኸ፤ «ባርባ! ሦስት ጊዜ እጠጋለሁ! ካልሆነ ይዤው እመለሳለሁ፤ ጀልባዬን ድንጋይ ላይ አልሰብርም!»

የባርባ ዛኒስ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። በግራ እጁ አነሣው፤ ቀኝ እጁ ለልጄ ተዘርግቷል። የአባ ዳሚያኖስ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «ዛኒስ! ውኃው ሞቋል፣ ሕፃኗ እያለቀሰች ነው፣ የክርስትና አባት የት አለ?»

«ገና ነው አባቴ» ብሎ ዘጋው።

ፎቲስ ተጠጋ። ጀልባዋ ከጠርዙ በላይ ወጣች፤ የልጄ ጫማ ከፊቴ ከፍ ብሎ ታየኝ። ወዲያው ወረደች፤ የሚታየኝ ፀጉሩ ብቻ ሆነ።

«ገና ነው» አለ ባርባ ዛኒስ።

ፎቲስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንድ ሄደ።

በሁለተኛው ባለ በቅሎዎቹ ከየጥላቸው ተነሥተው መጡ። ስታማቲስ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ «ያኮቮስ! ቱሪስት ሆንክ እንዴ? ውኃ ልግዛልህ? ባርኔጣስ?»

ሳቁ። የልጄ ጆሮ ሲቀላ አየሁ፤ አባቱም ሲናደድ ጆሮው ነበር የሚቀላው። ያኮቮስ ካርቶኑን በአንድ ብብቱ ሸጎጠና አንድ እግሩን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ አወጣ። ጉልበቱን ሲያጥፍ አየሁ። በጀልባዋና በድንጋዩ መሐል ውኃው እየጠበበ፣ እየሰፋ፣ እየጠበበ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ባርባ ዛኒስ አልጮኸም። ቀስ ብሎ፣ ሾርባ አቀብለኝ እንደሚል ሰው፣ «ያኮቮስ» አለው። «አባትህ የቆመው እዚያው ነበር። እኔም እዚሁ። ክንድህን ስጠኝ አልኩት፤ እነዚህ ሳቁበት። የእነዚህ አባቶች ማለቴ ነው።»

ስታማቲስ እጁን ከአፉ አወረደ።

«እግርህን አውርድ። ኬኩን ለእናትህ ወርውርላት።»

«ይበላሻል ባርባ! ሌሊቱን ሙሉ ነው የሠራሁት!»

«እናትህ አኔዚና ስንት ነገር ተሸክማለች፤ ኬክ አያቅታትም። ወርውር!»

ወረወረ። በሕይወቴ ኳስ ይዤ አላውቅም፤ ካርቶኑን ግን ደረቴ ላይ ተቀበልኩት። አንድ ነገር ውስጡ ጧ አለ። ፎቲስ እየተሳደበ አፈገፈገ። ሁለት ሄደ።

ሦስተኛው መጣ። ልጄ ክንዱን ዘረጋ። ባርባ ዛኒስ ከአንጓው በላይ ያዘው፤ ልጄም የእሱን ያዘ። ጀልባዋ ወጣች።

«ገና ነው።»

ወረደች። የሁለቱ ክንድ እንደ ገመድ ተወጠረ።

«ገና ነው።»

«አንተ ሽማግሌ!» ጮኸ ፎቲስ፤ «እስከ ፋሲካ ልትቆጥር ነው? ልሄድ ነው!»

«ገና ነው።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። የሚያነሣው የለም። እኔ ካርቶኑን አቅፌ የባርባ ዛኒስን ማጅራት አያለሁ፤ ላብ በአንገትጌው ይወርዳል። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ሲያልበው አይቼ አላውቅም። ማዕበል መጣ፣ ትልቅ ነበር። ሌላ መጣ፣ ከዚያ የባሰ። ፎቲስ እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ።

«አሁን!»

ልጄ አጠገቤ ቆሟል። እንዴት እንደመጣ አላየሁም። በዚያው ቅጽበት ጀልባዋ ከድንጋዩ ጋር ተላተመችና በጎኗ የተንጠለጠለው ጎማ እንደ ጥይት ጮኸ። ሁላችንም ጎማውን አየነው።

«ምን ታያላችሁ?» አለ ባርባ ዛኒስ። «ስታማቲስ፣ በቅሎ! ሦስት!»

ስታማቲስ ሦስት በቅሎ አመጣ፤ ዋጋም አልጠየቀም። ይህም ተአምር ነው፤ ሰው ግን አላስተዋለውም። በቅሎዎቹ ደረጃውን ሲወጡ ልጄ ከፊት፣ እኔ ኬኩን ይዤ መሐል፣ የክርስትና አባቱ ከኋላ ነበርን። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ ስምንት ከሩብ ነበር። ማሩሳ ሕፃኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ያኮቮስን ስታይ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፣ የእነሱ ነው። ሕፃኗ አባቷን አየችውና አፍንጫውን ያዘች።

አሁን የስሙ ነገር አለ። በእኛ ወግ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በአባቷ እናት ትጠራለች፤ ስሙን ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የክርስትና አባት ነው፤ እሱ ያለው ይጻፋል። ማሩሳ አንድ ወር ሙሉ ዳናዔ የሚለውን ስም በአፏ ስትሞክር ሰምቻታለሁ። አልተቃወምኩም። ሰው ስንቱን ይቃወማል?

አባ ዳሚያኖስ ሕፃኗን ከውኃው በላይ ይዘው ሰዓታቸውን አዩ፣ ባርባ ዛኒስን አዩ። ፊታቸው ላይ የአክሊሉ ቀን ትዝታ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለ«ገና ነው» ተዘጋጅቶ እግሩን አመቻቸ።

«የዚች ሕፃን ስም—»

«አኔዚና!» አለ።

አባ ጥያቄያቸውን አልጨረሱም ነበር። ጣሪያው ላይ ያሉት ርግቦች ተነሡ። ማሩሳ ዞራ አየችኝና፣ የታመመ አንገቷን እያሻሸች ሳቀች።

ኬኩ ተገልብጦ ነበር። በማንኪያ በላነው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጄን ወደ ወደቡ ሸኘነው። ነፋሱ ትንሽ ጋብ ብሏል። ያኮቮስ ማንም ሳይጠይቀው ክንዱን ዘረጋ፤ ባለ በቅሎዎቹ እያዩት። ባርባ ዛኒስ ሁለት ማዕበል ቆጠረና ጀልባዋ ላይ አስቀመጠው። መርከቡ ጭሱን እየጎተተ እስኪሄድ ቆመን አየነው።

ውኃዬንና ባርኔጣዬን ሰብስቤ ወደ ደረጃው ዞርኩ። ባርባ ዛኒስ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሞ ክንዱን ዘርግቷል። እግሩን አየሁት፤ ያንን ከካርቶኑ ወጥቶ የማያውቅ የፋሲካ ጫማ አድርጎታል። ከጠዋት ጀምሮ አድርጎት ኖሯል፤ በማዕበሉ አላየሁትም።

«እዚህ የተወለድኩ ነኝ እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ገና ነው ልበልህ?»

ባሕሩን አየ። ምን ያህል እንደቆጠረ አላውቅም። እኔም አላቻኮልኩትም፤ ማዕበል የሚቆጥርን ሰው ማቻኮል ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ።

«አሁን» አለ።

ክንዴን ሰጠሁት። መዳፌን አይደለም፤ ክንዴን።

«እትዬ አኔዚና!» ጮኸ ስታማቲስ ከበቅሎዎቹ መሐል። «ቱሪስት ሆንሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ሆንኩ» አልኩና ደረጃውን አንድ ብዬ ጀመርኩ።