አንድ ሰው የሚተርፍበት ስፌት ቤት

በየከተማው ሰው ማሰናበት የማይችል አንድ አሠሪ አይጠፋም። ቤቱ ቢያዝ፣ ሚስቱ ብታኮርፍ፣ ሠራተኛውን "በቃኸኝ" ለማለት አንደበቱ ይተሳሰራል። የነቀምቴው ክቡር ኦቦ ሞረዳ የዚህ ወገን አውራ ናቸው።

የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤታቸው መንገድ ተዘግቶ ትእዛዝ ሲጠፋበት ዐሥሩንም ሠራተኞች ሰብስበው "ሰው አይቀነስም" አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናቡ ቢጠየቁም መልሳቸው ይኸው ሆነ።

መንግሥት ሠራተኛ ላልበተኑ ድርጅቶች የደመወዙን ግማሽ ለስድስት ወር መደጎም ሲጀምር፣ ተቆጣጣሪ ሆና የተላከችው ሊሊሴ ናት። ሥራዋ በየወሩ ድንገት እየደረሰች በሥራ ላይ ያለውን ሰው መቁጠር ነው። ቁጥሩ ከዝርዝሩ ካልገጠመ ድጎማው ይቆማል። በሲሬም በአርጆም ከተማ ብዙ ጉድ አይታለች፤ ዝርዝሩ ላይ ሃያ ሰው፣ ግቢው ውስጥ ዘበኛው ብቻ። ሰው ሲጎድል እንጂ ሲተርፍ ግን አይታ አታውቅም።

እዚህ ተረፈ። ዝርዝሩ ዘጠኝ ይላል። ከበሩ ቆማ ስትቆጥር ያጎነበሰው ጀርባ ዐሥር ነው፤ ገብታ በስም ስትጠራ ዘጠኝ። መስኮቱ ሥር ባለችው የስፌት መኪና ላይ ማንም የለም። መርገጫዋ ግን ቀስ እያለች ከፍ ዝቅ ትላለች። ሊሊሴን ብርድ ብርድ አላት።

ያልተመዘገበ ሰው ደብቀው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ኦቦ ሞረዳ ቦታዋ የታንጉት ናት አሉ። ታንጉት ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ፣ በኮሌታ አሰፋፍ የሚደርስባት ያልነበረ ሴት ናት። ድጎማው ሊመጣ ሁለት ወር ሲቀረው አርፋለች፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባችም። መንግሥትን አልዋሹም። እሷን ግን አላሰናበቷትም። ጠዋት ጠዋት ዘጠኙን እየዞሩ "አከም ቡልቴ" ይሉና፣ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ዞረው "እንዴት አደርሽ ታንጉት?" ይላሉ። መልስ የሚያደምጡ ያህል ቆም ብለው ነው የሚያልፉት።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ወር ቆጠራው ያው ሆነ። ቀለሟ የምትባለው ጨርቅ ቆራጭ ዘጠኝ ኮሌታ ቆርጣ ብትሰጥ ዐሥር ተሰፍቶ እንደሚመለስላት ለሊሊሴ ነገረቻት፤ "ታንጉት መቼ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ትወድ ነበር" አለች፣ መቀሷን ሳታነሳ። ሊሊሴ እየፈራችም ዘጠኝ ብላ ጻፈች።

በስድስተኛው ወር አለቃዋ ዋጋሪ አብሯት መጣ። ዋጋሪ ከደጃፍ ቆሞ የሚቆጥር፣ ስም መጥራት የሚሰለቸው ሰው ነው። ጣቱን እየቀሰረ ቆጠረና "ዐሥር" አለ። አንድ ሰው ደብቃችኋል፣ የዚህ ወር ድጎማ አይከፈልም፣ እስካሁን የተከፈለውም ይመለሳል አለ። የዘጠኝ ቤት እንጀራ በአንድ ጀርባ ላይ ተንጠለጠለ።

ሊሊሴ ኦቦ ሞረዳን ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ ታንጉትን ለአንድ አፍታ ተነሺ እንዲሏት ለመነቻቸው። ሽማግሌው ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ሰው አይቀነስም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉ። "ቃል ሰጥቻታለሁ።"

የሞተች ሴት እንዳታፍር ብለው ቤታቸውን ሊያፈርሱ ነው። ሊሊሴ ተናደደችባቸው፤ እንደ አባቷ እንደምትወዳቸው ያወቀችውም ያኔ ነው። ወደ መስኮቱ ሄደች። ሰዓቱ ገና ከጠዋቱ አራት ነበር።

"ታንጉት" አለች ቀስ ብላ፣ "ምሳ ደርሷል። በልተሽ ተመለሺ።"

መርገጫዋ ቆመች። ዋጋሪ እንደገና ቆጠረ፤ ዘጠኝ። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ የቆጠራውን ፎርም ፈረመና ወጣ። ከግቢው ሳይርቅ መርገጫዋ ጀመረች፤ ኦቦ ሞረዳም "ምነው ቶሎ በላሽ?" አሏት።

ፎርሙ ላይ ያልተሞላች አንዲት መስመር ቀርታ ነበር፤ "በድጋፉ ወቅት የተሰናበተ ሠራተኛ" የምትለው። ሊሊሴ "የለም" ብላ ጻፈች።