የሚተነፍሰው ቦርዶ

ጠርሙስ ተከፍቶ ፊትዎ እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ «ቆይ» ተብለው ያውቃሉ? እዚህ አትላንታ እኔን ደርሶብኛል። ሳንዲ ስፕሪንግስ የሚኖረው ወዳጄ ግርማ ሊሞ ሲነዳ ከደንበኞቹ በቃረመው እውቀት ቦርዶ የሚባለው የፈረንሳይ ወይን አዋቂ ሆኗል። ቢራ ይጋብዘን በነበረ ጊዜ ጥሩ ሰው ነበር።

ለፋሲካ ሃያ ዓመት የቆየ ቀይ ቦርዶ ከፈተና በመስታወት ጆግ ገለበጠው። «እንዳትነኩት፣ አየር አግኝቶ መተንፈስ አለበት» ብሎ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ሊያስደርግ ወጣ።

አማቱ እማማ የሺ ቀመስ አደረጉትና ፊታቸውን አጨማደዱ። «እንግዳ ይህን እንዴት ይጠጣል?» አሉ። አገር ቤት እንደለመዱትም ሁላችን እያየን ኮካ ጨመሩበት።

ግርማ ተመልሶ ለሁላችን ቀዳ። ብርጭቆውን አዟዟረ፣ አሸተተ፣ ተጎነጨና ዓይኑን ጨፈነ።

«አያችሁ፣ ሃያ ዓመት ሲቀመጥ እንዲህ ይለዝባል። አረፋውን ተመልከቱት፣ እየተነፈሰ እኮ ነው።»

ምን ልበል? የአማትና የአማች ሰላም በአንድ ብርጭቆ ላይ ተንጠልጥሏል። እንደ ሌላው እንግዳ «ልክ ነህ» በሚል አንገቴን ነቀነቅኩ።

እማማ የሺ ግን ደስ ብሏቸው ጠጋ አሉ።

«ከወደድከውማ ልጄ፣ ሁለተኛውንም ጠርሙስ እንደዚሁ በኮካ አደርግልሃለሁ።»

ግርማ ዓይኑን ገለጠ። እኔ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ብርጭቆዬን ዘረጋሁ።